ስም አልባው ጆንያ፦ በሕዝብ ገንዘብ የቆመው ገበያ ታሪክ

ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ለሰባት ዓመታት ያህል በአዲስ አበባ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ለከተማዋ እንግዳ የሆነ ጩኸት ይሰማ ነበር። ደወል ሲደወል በቀለም የተለየ ካፖርት የለበሱ ሻጮችና ገዢዎች ወደ መገበያያው መድረክ ይወርዳሉ፤ ዋጋ ይጠራሉ፤ ዋጋ ያፈርሳሉ፤ ሁለቱ ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ይማታሉ። በዚያች ቅጽበት በጅማ ወይም በዲላ መጋዘን የተኛው ቡና ባለቤቱ ተለወጠ ማለት ነው። በመድረኩ ላይ ግን አንዲት ፍሬ ቡና እንኳ አትታይም። ገዢው ሻጩን ማወቅ፣ ጆንያ ማስፈታት፣ በእፍኙ ዘግኖ ማሽተት አያስፈልገውም። ሻጩም «ይከፍለኛል ወይስ ይክደኛል?» ብሎ እንቅልፍ አያጣም።

በመተዋወቅ ላይ ቆሞ ለኖረው የአገሪቱ የንግድ ልማድ ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲቋቋም የተገባው ቃል ኪዳን በአጭሩ ሲገለጽ ሳይተዋወቁ መተማመን ነበር። ይህን መተማመን ለመግዛት የመንግሥት ካዝናና የውጭ ለጋሾች ገንዘብ ፈሰሰ። ተቋሙ በጎ ያደረገውም የጎዳውም ከዚሁ ከአንድ ምንጭ፣ ሸቀጥንና ሰውን ስም አልባ ከማድረግ፣ የፈለቀ ስለሆነ ታሪኩን ከዚህ አንጻር መመልከት ተገቢ ነው።

ኮታና ኬላ

መንግሥት በእህል ገበያ ውስጥ እጁን ያስገባው በምርት ገበያ አይደለም። የደርግ መንግሥት በ1960ዎቹ መጨረሻ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትን አቋቁሞ፣ ገበሬዎች በማኅበራቸው አማካይነት የተመደበባቸውን ኮታ በተቆረጠ ዋጋ እንዲያስረክቡ ያስገድድ ነበር። የተቆረጠው ዋጋ ከነጻው ገበያ ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ስለነበር ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከነጋዴ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ የሚያስረክብበት ጊዜ ነበር። ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እህል ማዘዋወርም በፈቃድና በኬላ ታጥሮ ነበር። መንግሥት ገዢውም፣ ዋጋ ቆራጩም፣ ተቆጣጣሪውም ራሱ ነበርና ለገበሬው «የመንግሥት ገበያ» የሚለው ቃል ከግዴታ ጋር አንድ ሆኖ ቀረ።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፤ ኬላው ተነሣ፤ እህል እንደ ልብ መዘዋወር ጀመረ። ነጋዴውም ገበሬውም እፎይ አለ። ነገር ግን መከልከል መቅረቱ ብቻውን ገበያን የተሟላ አላደረገውም። የታወቀ የጥራት ደረጃ፣ የሚታመን ሚዛን፣ ለባንክ ዋስትና የሚሆን የመጋዘን ደረሰኝ፣ ውል ያፈረሰን በቶሎ የሚዳኝ አካል አልነበረም። የወጣውን ቀንበር የሚተካ ሥርዓት አልተዘረጋም።

በመርካቶ እህል በረንዳ ይህን ጉድለት የሚሞላው ደላላው ነበር። ከጎጃም ጤፍ፣ ከአርሲ ስንዴ ጭኖ የሚልክ ነጋዴ አዲስ አበባ ሳይደርስ እህሉን የሚያሻሽጥለት፣ ገዢውንም ሻጩንም በስም የሚያውቅ፣ ለሁለቱም ቃሉን የሚሰጥ ሰው ያስፈልገው ነበር። ኢኮኖሚስቷ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ይህንኑ አሠራር አጥንተው በ2001 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም በኩል ባሳተሙት ሥራ፣ ደላላው በተለምዶ እንደሚወራበት ጥገኛ ብቻ ሳይሆን ሥርዓት በሌለበት ቦታ የሥርዓትን ሥራ የሚሠራ መሆኑን አሳይተዋል። ችግሩ የዚህ መተማመን ክልል ጠባብ መሆኑ ነው። ነጋዴ የሚነግደው ከሚያውቀው ጋር ብቻ ከሆነ፣ የማያውቀው ሰው ያለበት አገር ምንም ያህል ቢራብ እህሉ ወደዚያ አይሄድም።

በቆሎው በማሳ ላይ ሲቀር

ይህ ጠባብነት ያስከተለው ጥፋት በ1994 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። በተከታታይ ዓመታት በተገኘው መልካም ምርት የተነሣ በበቆሎ አምራች አካባቢዎች ዋጋው ከግማሽ በላይ አሽቆለቆለ። ማዳበሪያ በብድር የወሰደው ገበሬ ምርቱን ሸጦ ዕዳውን መክፈል ተሳነው፤ አንዳንዱም ማጨጃውና ማጓጓዣው ከዋጋው ስለሚበልጥበት እህሉን በማሳው ላይ ተወው። ወዲያው የዚያው ዓመት ክረምት ዝናብ አጠረ። በቀጣዩ ዓመት ከ13 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የእርዳታ እህል ፈላጊ ሆነ። ጥጋብና ረሀብ በአንድ አገር ውስጥ፣ በጥቂት ወራት ልዩነት፣ ተከታትለው መጡ።

ከዚያ ወዲህ «ምርት ማሳደግ ብቻ በቂ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ጥያቄ ውስጥ ገባ። ዶክተር እሌኒ በየመድረኩ እየደጋገሙ የሚያነሡት ይህንኑ ታሪክ ነበር። መፍትሔ ብለው ያቀረቡትም አሜሪካውያን ገበሬዎችና ነጋዴዎች በ19ኛው ምእተ ዓመት በቺካጎ የመሠረቱትን ዓይነት፣ ነገር ግን ከአገሪቱ ሁኔታ ጋር የተስማማ የምርት ገበያ ማቋቋም ነው። መንግሥት ሐሳቡን ተቀበለ። በ1999 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999፣ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 551/1999 ተቋቋሙ። ዶክተር እሌኒም የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ።

የቺካጎውን ነጋዴዎች ራሳቸው አዋጥተው ነው ያቋቋሙት፤ የአዲስ አበባው ለምን የሕዝብ ገንዘብ አስፈለገው? መልሱ በወጪው ቅደም ተከተል ላይ ነው። አንዲት ኩንታል ከመሸጧ በፊት መጋዘኖች መዘጋጀት፣ ላቦራቶሪዎች መደራጀት፣ ቀማሾችና መዛኞች መሠልጠን፣ ሒሳብ የሚያወራርድ ክፍል ከባንኮች ጋር መያያዝ አለበት። ይህ ሁሉ ወጪ ዛሬ ይወጣል፤ ከየግብይቱ የሚገኘው የአገልግሎት ክፍያ የሚመለሰው ግን ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያውም ሻጭና ገዢ ከመጡ። እንዲህ ያለውን ቁማር የሚቀበል የግል ባለ ሀብት ስላልነበረ መንግሥት የተቋሙ ባለቤት ሆነ። የዓለም ባንክ፣ የዩናይትድ ስቴትስና የካናዳ የልማት ድርጅቶች፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ የተባበሩት መንግሥታት የልማትና የምግብ ድርጅቶች በየፊናቸው ረዱ። በመድረኩ ላይ የሚገበያዩት አባላት ግን መቀመጫቸውን በገንዘባቸው የገዙ ነጋዴዎችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበሩ፤ ከቦርዱም ድርሻ ነበራቸው። አዳራሹ የሕዝብ፣ ንግዱ የግል እንዲሆን ታስቦ ነበር።

ደረሰኙና አዋጁ

ሚያዝያ 16 ቀን 2000 ዓ.ም. ግብይት ተጀመረ፤ የመጀመሪያውም ሸቀጥ በቆሎ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሻጭ ምርቱን ወደ ተቋሙ መጋዘን ያመጣል። ናሙና ይወሰዳል፤ ይመረመራል፤ ይመዘናል፤ ደረጃ ይሰጠዋል። ባለ ምርቱ የመጋዘን ደረሰኝ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ የሚሸጠው ጆንያው ሳይሆን ደረሰኙ ነው። ገዢው ገንዘቡን አስቀድሞ በባንክ ካላስያዘ ወደ ግብይት አይገባም። ከተሸጠ በማግሥቱ ገንዘቡ በሻጩ የሒሳብ ቁጥር ይገባል። በዱቤ ሸጦ ወራት መለማመጥና በመሐላ መተሳሰር ለለመደ ነጋዴ ይህ የማግሥት ክፍያ ብቻውን ትልቅ ነገር ነበር።

በቆሎው ግን ወደ መጋዘኑ አልመጣም። ዘመኑ የምግብ ዋጋ በዓለም ዙሪያ የናረበት ነበር፤ መንግሥት እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክሎ፣ ስንዴ ከውጭ እየገዛ በድጎማ ያከፋፍል ነበር። አነስተኛው ገበሬ ሦስትና አራት ኩንታሉን በአህያ ጭኖ የሚሸጠው በአቅራቢያው ገበያ ነው እንጂ በመጋዘን ልክ አይደለም። ነጋዴውም ከዘመናት ደላላው ጋር የሚያለያየው ምክንያት አላየም። ለእህል የታነጸው አዳራሽ እህል አጣ።

ያዳነው ቡና ነው። እስከዚያ ድረስ ቡና ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባና በድሬ ዳዋ በጨረታ ይሸጥ ነበር። የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ ቁጥር 602/2000 የጨረታውን ሥርዓት በምርት ገበያ ተካው። ከገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና ከራሳቸው እርሻ ከሚልኩ አልሚዎች በስተቀር፣ ማንኛውም ላኪ ቡና የሚገዛው ከዚህ አዳራሽ ብቻ እንዲሆን ተደነገገ። የቡና ግብይት በኅዳርና ታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ተጀመረ። ከጥቂት ወራት በኋላ መንግሥት ቡና ሸሽገዋል ያላቸውን ስድስት ታላላቅ ላኪዎች መጋዘን አሸገ፤ ፈቃዳቸውንም ሰረዘ። ሰሊጥና ነጭ ቦሎቄም በ2010 እ.ኤ.አ. ወደዚሁ የግዴታ ሥርዓት ገቡ።

በታሪኩ ውስጥ ቆም ተብሎ ሊታሰብበት የሚገባው ምዕራፍ ይህ ነው። በፈቃደኝነት ይመጣሉ የተባሉት ሲቀሩ፣ ለመጡት ተብሎ የወጣው የሕዝብ ገንዘብ ባክኖ እንዳይቀር ሕግ ተጨመረበት። በቁጥር ረገድ ውጤቱ ፈጣን ነበር፤ ተቋሙ ሥራ በጀመረ በ1,000 ቀናት ውስጥ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ግብይት መፈጸሙን በኩራት አበሠረ። ነገር ግን አንድ ገበያ በሕግ የሞላ እንደሆነ፣ ሰው የመጣው አገልግሎቱን ወድዶ ይሁን መውጫ አጥቶ መለየት አይቻልም። የደርግን ኮታ የሚያስታውስ ነጋዴ ደግሞ ለ«ግዴታ» ጆሮው ቅርብ ነው። በርግጥ ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ኮታው ዋጋ ይቆርጥ ነበር፤ ምርት ገበያው ግን ቦታውን እንጂ ዋጋውን አልወሰነም። ቢሆንም ሌላ በር የሌለው ቤት መሆኑ አልቀረም።

ይርጋጨፌ ቁጥር ሲሆን

ሁለተኛው ጉዳት ከራሱ ከስም አልባነቱ መጣ። ቆሎ የሚሆን ስንዴ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ የሚጠይቅ ገዢ ብዙም የለም፤ ደረጃው ከተረጋገጠ የአርሲውን ከባሌው ቀላቅሎ መሸጥ ያዋጣል። ቡና ግን እንደዚያ አይደለም። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን ያሉ የልዩ ጣዕም ቡና ገዢዎች የሚከፍሉት ለአንድ ቀበሌ፣ ለአንድ ማጠቢያ ጣቢያ፣ አንዳንዴም ለአንድ ገበሬ ስም ነው። በአዲሱ ሥርዓት የአንድ አቅራቢ ቡና መጋዘን ሲገባ በአካባቢና በጣዕም ተመድቦ፣ ከሌሎች ጋር በአንድ ደረጃ ተጠቃልሎ፣ የፊደልና የቁጥር መለያ ተሰጥቶት ይወጣል። ገዢው «ታጥቦ የተዘጋጀ፣ ይርጋጨፌ፣ ይህን ያህል ደረጃ» ከሚለው ያለፈ ነገር ማወቅ አይችልም ነበር።

ነገሩን መራራ ያደረገው ጊዜው ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማመልከቻ አቅርቦ፣ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ከተደረገ የአደባባይ ሙግት በኋላ በ2007 እ.ኤ.አ. ስምምነት ላይ ደርሶ ነበር። ስሙ የገበሬው ሀብት ነው ብላ አገሪቱ በዓለም ፊት ተከራክራ በረታች ማግሥት፣ በገዛ አዳራሿ የገበሬው ቀበሌ ስም በመለያ ቁጥር ተተካ። ከውጭ ገዢዎች በተነሣው ቅሬታ ምክንያት በ2010 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ልዩ ቡና አምራቾችን ከገዢዎች ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ የተለየ መድረክ ተከፈተ፤ ኋላም በአሜሪካ የልማት ድርጅትና በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በየጆንያው ላይ መለያ ኮድ የሚለጥፍ የመከታተያ ሥርዓት ተዘረጋ። ስሙን ለማጥፋት የሕዝብ ገንዘብ ወጥቶ እንደነበረ ሁሉ፣ ስሙን ለመመለስም የሕዝብ ገንዘብ መውጣት ነበረበት።

ሰሌዳው፣ ስልኩና ገበሬው

ገበሬው ከዚህ ሁሉ ምን አገኘ?

ቢያንስ ዋጋ መስማት ችሏል። ምርት ገበያው በገጠር የገበያ ከተሞች የዋጋ መግለጫ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎችን አቆመ፤ በስልክ ደውሎ የዕለቱን ዋጋ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ መስማት የሚቻልበትን አገልግሎት ዘረጋ። በአጭር የስልክ መልእክትም ዋጋ ይላክ ነበር። የአዲስ አበባን የፈረሱላ ዋጋ አስቀድሞ ያወቀ ገበሬ ሰብሳቢው በሚነግረው ዋጋ ብቻ አይታለልም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መረጃ ቀድሞ የደላላው የግል ንብረት ነበርና።

ዋጋ መስማት ግን በዋጋው መሸጥ አይደለም። እሸት ቡናውን ለቅሞ በዕለቱ ማስረከብ ያለበት፣ ለልጁ ደብተርና ለማዳበሪያ ዕዳ ገንዘብ የሚሻ ገበሬ፣ መጋዘኑ የሚቀበለውን ያህል ምርት የለውም። እሱ ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ ሰብሳቢው ለአቅራቢ፤ ወደ መጋዘኑ የሚገባው አቅራቢው ነው። በሰሌዳው ላይ የሚያየው ዋጋ ለብዙው ገበሬ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት የሚያስታውስ ነበር። በኅብረት ሥራ ማኅበር የታቀፈው የተሻለ ዕድል ነበረው፤ ነገር ግን ሁሉም አልታቀፈም።

የተመራማሪዎች ውጤትም ይህንኑ ሁለት መልክ ያሳያል። በ2017 እ.ኤ.አ. ፉድ ፖሊሲ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ሁለት የተለያዩ ገበያዎች እያንዳንዳቸው መጋዘን ሲከፈትላቸው በመካከላቸው ያለው የቡና ዋጋ ልዩነት በጉልህ እንደጠበበ ገልጿል፤ በአማካይ 3 ብር ከ33 ሳንቲም ከነበረው የኪሎ ልዩነት ላይ ከ86 ሳንቲም እስከ 1 ብር ከ78 ሳንቲም ቀንሷል። ገበያዎቹ እርስ በርስ ተቀራርበዋል ማለት ነው። የገበሬው ድርሻ ከወጪ ንግዱ ዋጋ አንጻር አድጓል ወይ የሚለውን የመረመሩ ሌሎች ጥናቶች ግን ያገኙት ለውጥ አነስተኛ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ከተማን ከከተማ አገናኘ፤ ከማሳ እስከ ከተማ ያለችውን የመጀመሪያዋን መንገድ ግን ብዙም አላሳጠራትም።

ጩኸቱ ሲቆም

በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጩኸቱ ቆመ። የመዳፍ ምቱ ቀርቶ ሻጭና ገዢ በኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው የሚገበያዩበት የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ተጀመረ። ቀጥሎም በሐዋሳ፣ በሁመራ፣ በነቀምቴና በሌሎች ከተሞች የግብይት ማዕከላት ሲከፈቱ፣ የአባላቱ ወኪሎች አዲስ አበባ መምጣት ሳያስፈልጋቸው በያሉበት መሸጥ ቻሉ። የዓመታት ሕልም የነበረው፣ በመስመር የተያያዘ አገራዊ ገበያ፣ በዚህ መልክ እውን ሆነ።

ይሁን እንጂ ማሽኑ በተሻሻለ መጠን ዋጋው እውነት መናገሩ አጠራጣሪ እየሆነ ነበር። በዚያ ዘመን የውጭ ምንዛሪ ብርቅ ስለነበር፣ ላኪ የሆነ ነጋዴ ቡናና ሰሊጥ የሚገዛው ከመላኩ ለማትረፍ ብቻ አልነበረም፤ ያገኘው ዶላር ብረት ወይም መኪና ለማስመጣት የሚያስገኘው ትርፍ ይበልጥበት ነበር። ስለዚህ በአዳራሹ ከዓለም ዋጋ በላይ ገዝቶ፣ በውጭ በኪሳራ ሸጦ፣ ኪሳራውን ከውጭ በሚያስመጣው ዕቃ ላይ ያወራርድ ነበር። በስክሪኑ ላይ የሚታየው የቡና ዋጋ በከፊል የዶላር ዋጋ ነበር ማለት ነው። ገበያው ሐቀኛ መዝጋቢ ነበር፤ የሚመዘግበው ግን ከደጁ ውጭ የተጣመመውን ነገር ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ግዴታውን አላላው። ቡና አምራቾችና አቅራቢዎች ከላኪዎች ጋር በቀጥታ የሚተሳሰሩበት፣ አነስተኛ አምራች እንኳ ፈቃድ አውጥቶ ራሱ የሚልክበት በር ተከፈተ። ነጋዴው ከአዳራሹ ውጭ መንገድ ሲያገኝ ብዙው ቡና በዚያው ሄደ፤ የምርት ገበያው የቡና ድርሻም በእጅጉ አሽቆለቆለ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ የሰሊጡን አገር አናጋ። የ2001 ዓ.ም. ጥያቄ መልስ ያገኘው በዚህ ጊዜ ነበር፤ በግዴታ ከመጣው መካከል በፈቃዱ የሚቀረው ጥቂት ሆኖ ተገኘ።

ጎረቤት አገሮች

በአካባቢው ይህን መንገድ የሞከረችው ኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም። በኬንያ በ1997 እ.ኤ.አ. የግል የምርት ገበያ ተቋቁሞ፣ በለጋሾች ድጋፍ ለገበሬዎች በስልክ መልእክት ዋጋ ማሳወቅ ጀምሮ ነበር፤ በኡጋንዳም በ1998 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ተቋም ተመሠረተ። ሁለቱም የአዲስ አበባውን ያህል የግብይት ብዛት አላገኙም፤ ከኋላቸው የሚያስገድድ አዋጅም አልነበረም። በኪጋሊ መቀመጫውን ያደረገው የምሥራቅ አፍሪካ ምርት ገበያም በግል ባለ ሀብቶች ገንዘብ የተነሣ ነው።

በተቃራኒው የሞምባሳው የሻይ ጨረታ ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ መጀመሪያ በናይሮቢ፣ ከ1969 ወዲህ በሞምባሳ፣ ሳይቋረጥ ቆይቷል። የአዲስ አበባው ዓይነት አስገዳጅ አዋጅ ሳይመሠርተው፣ የበርካታ አገሮች ሻይ የሚሸጥበት፣ ነጋዴዎች ራሳቸው ያሳደጉት ገበያ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ ሲመጣ ጨረታው ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲዛወር ልማዱ አስቀድሞ ስለነበረ ማሽኑ ተከተለው። በናይሮቢ የቡና ጨረታ ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ክፍያ በባንክ በኩል በቀጥታ ወደ አምራቹ እንዲደርስ የሚያደርግ ሥርዓት ተጀመረ። አዲስ አበባ በ2000 ዓ.ም. የጀመረችው የማግሥት ክፍያ ምን ያህል ቀዳሚ እርምጃ እንደነበረ ይህ ያስረዳል። የሌላውን ጎረቤት ሥራ ማየት የራስን ስሕተት ብቻ ሳይሆን የራስን ብልጫም ያሳያል።

ስሙ ሲመለስ

ዛሬ ታሪኩ ወደ ተነሣበት ጥያቄ ተመልሷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደን መመንጠርን የሚከላከል ሕግ፣ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ በካርታ ነጥብ እንዲታወቅ ያዝዛል። ተፈጻሚነቱ ተደጋግሞ ቢራዘምም አቅጣጫው ግልጽ ነው። በአንድ ወቅት ለንግድ መሳለጥ ሲባል የተፋቀው የማሳ ስም፣ አሁን ቡናው ወደብ ለመግባት የሚጠየቀው ፓስፖርት ሊሆን ነው። በአንዲት ሄክታር ወይም ከዚያ ባነሰ መሬት ላይ የሚያመርቱትን የኢትዮጵያ ገበሬዎች አንድ በአንድ ለመመዝገብ የሚወጣው ወጪ ደግሞ ገበሬው ብቻውን የሚሸከመው አይደለም። የመጀመሪያውን የመለያ ኮድ ሥርዓት የረዳው የአሜሪካ የልማት ድርጅት ራሱ በ2025 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። የውጭ ምንዛሪ ተመኑም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በኪሳራ ለመላክ ይገፋፋ የነበረው የዶላር ብርቅነት ቀንሷል፤ ስለዚህ የቡና ዋጋ እንደገና የቡናን ነገር ሊናገር የሚችልበት ዕድል አለ።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ጨርሶ የከሸፈ ሙከራ ነው ማለት ትክክል አይሆንም፤ ያለ እንከን የተሳካ ነው ማለትም እንዲሁ። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራው ነገር መካከል ዘልቆ የቆየው ሕንጻውም፣ ሰሌዳውም፣ አዋጁም አይደለም። የቆየው በመጋዘኖቹ ላቦራቶሪ የሠለጠኑት ቀማሾች ሙያ፣ የተመዘነውን አምኖ መቀበል የሚያስችለው ሚዛን፣ የማያውቁትን ሰው ገንዘብ በማግሥቱ ማግኘት የሚቻል መሆኑን ያየ የነጋዴ ትውልድ ነው። አሁን የሚጠበቀው ከዚህ የከበደ ነው፤ ሻጭና ገዢ ሳይተዋወቁ የሚተማመኑበት ገበያ ጸንቶ፣ ጆንያውም ከየት እንደመጣ የሚናገር እንዲሆን። የጌዴኦ ተራራ ላይ ቡናዋን ለቅማ ለሰብሳቢ የምታስረክበው ሴት ስሟ እስከ ወደቡ ድረስ ከጆንያው ጋር ከተጓዘ፣ የዋጋው ድርሻም ወደ እሷ የሚመለስበት መንገድ ይገኝ ይሆናል። የምዝገባውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ግን ገና አልተወሰነም።